እንደ ማን ነው የምጽፈው?

ጽሑፋችሁን ገልብጣችሁ ሳጥኑ ውስጥ ትለጥፋላችሁ፣ አንድ ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ወዲያው የአንድ ታላቅ ደራሲ ስም ብቅ ይላል። አጻጻፋችሁ የእገሌን ይመስላል ተባላችሁ ማለት ነው። በምን እንደመሰለ፣ ምን ያህል እንደመሰለ የሚነግራችሁ የለም። ያም ሆኖ ስሙን ያየ ሰው በቀላሉ አያልፈውም። ለብቻው ተቀምጦ የሚጽፍ፣ የሚያነበው ሰው ይኑር አይኑር የማያውቅ ሰው፣ ሥራው ከታላላቆቹ ሥራ ጎን ሲቆምለት ልቡ ይሞቃል። የእኔም ሞቋል። ያ ሙቀት ከየት እንደመጣ ለማወቅ ነገሩን ስከታተል ነው ከመሣሪያዎቹ ጀርባ ከመሣሪያዎቹ እጅግ የሚልቅ ዕውቀት እንዳለ ያየሁት።

ከእነዚህ መሣሪያዎች መካከል ብዙ የተወራለት እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው «አይ ራይት ላይክ» ነው። የሠራው ዲሚትሪ ቼስትኒክ የተባለ ሩሲያዊ የሶፍትዌር ባለሙያ ሲሆን፣ ሲጀምር የሃምሳ ያህል ደራስያንን ሥራዎች አስገብቶበት ነበር። አሠራሩን አልደበቀም፤ አይፈለጌ ኢሜይልን ከደህናው ከሚለዩ ማጣሪያዎች የተወሰደ ነው። እንዲህ ያለው ማጣሪያ እያንዳንዱ ቃል በየክምሩ ውስጥ ምን ያህል እንደሚዘወተር አስቀድሞ ይቆጥራል። አዲስ ደብዳቤ ሲደርሰው የቃላቱን ዕድል አሰባስቦ ደብዳቤው ወደ የትኛው ክምር እንደሚያደላ ይወስናል። ለኢሜይል ክምሮቹ ሁለት ናቸው፤ እዚህ ግን ሃምሳ ሆኑ፣ በእያንዳንዱም ላይ የአንድ ደራሲ ስም ተለጠፈበት።

ይህ ከታወቀ ብዙ ነገር ይጠራል። ስለ መርከብና ስለ ማዕበል የጻፈ ሰው ስለ ባሕር ከጻፈው ደራሲ ጋር ይመደባል። ስለ ሬሳና ስለ መርማሪ የጻፈ የወንጀል ልብ ወለድ ጸሐፊ ይሆናል። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ይሁን የተንዛዛ፣ ትረካው ይቸኩል ይዘግይ፣ ሚዛኑን በአብዛኛው የሚደፋው የተነሳው ጉዳይ ነው። እኔ በእንግሊዝኛ ከጻፍኳቸው መካከል አንዱን፣ ስለ አንድ ታማሚ ዘመዴ የጻፍኩትን፣ አስገባሁ፤ ቀጥዬ ስለ ኮምፒውተር አጠቃቀም ያዘጋጀሁትን ማብራሪያ አስገባሁ። በዘመንም በጠባይም የማይገናኙ ሁለት ደራስያን ወጡልኝ። ካናዳዊቷ ደራሲ ማርጋሬት አትውድ ደግሞ ያኔ የራሷን ጽሑፍ አስገብታ የአስፈሪ ታሪክ ደራሲውን ስቲቨን ኪንግን ትመስያለሽ ተብላለች፤ ይህንንም በትዊተር ገጿ ለአንባቢዎቿ አካፍላለች።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ ግን ሌላ ጉድለት ነው። መሣሪያው «ማንንም አትመስልም» የሚል መልስ የለውም። ሃምሳ ስም ይዞ የተቀመጠ ፕሮግራም ከሃምሳው ለእናንተ የሚቀርበውን ይሰጣችኋል፤ ያ ቅርብ የተባለው በእውነት ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ግን አይናገርም። የመድኃኒት መግለጫ ብትሰጡትም ስም ያወጣለታል፣ የመሥሪያ ቤት ማስታወሻ ብትሰጡትም እንዲሁ። ለጀማሪ ጸሐፊ «እስካሁን ማንንም አትመስልም» የሚለው መልስ ምናልባት ከሁሉ የሚሻለው ዜና ነበር፤ እሱን ለመስማት ግን ምንም መንገድ አልተተወለትም።

በእንግሊዝኛ አጫጭር ልብ ወለድ የምትጽፍ አንዲት ወጣት አልፎ አልፎ ረቂቋን ታሳየኛለች። ካየሁላት ሁሉ የማልረሳው፣ አንዲት እናት የልጇን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስትተኩስ የሚያሳየው ገጽ ነው። ካውያው ይግላል፣ ኮሌታው ይገለበጣል፣ እናትየዋ የአንገቱን ስፋት በጣቶቿ ትለካለች። ሌላ የሚሆን ነገር የለም። ገጹን ስጨርስ ግን ልጁ እንደማይመለስ ገብቶኝ ነበር፤ የትኛው ዓረፍተ ነገር እንደነገረኝ ተመልሼ ብፈልግ አላገኘሁትም። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ለካ እኔ የአስፈሪ ታሪክ ጸሐፊ ነኝ!» ብላ መሣሪያው ያወጣላትን ስም አሳየችኝ። ደስታዋ ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ያመጣቻቸው ረቂቆች ግን በሩ የሚንቋቋ፣ መብራቱ ድንገት የሚጠፋ፣ ጎረቤቱ ምስጢር የሚደብቅ ሆኑ። ክፉ አልነበሩም፤ የማንም ሊሆኑ የሚችሉ ነበሩ እንጂ። «ያኛው የዩኒፎርሙ ገጽ እኮ ነው ያንቺ» ብላት «የቱ?» አለችኝ። ረስታዋለች።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝ ያ «የቱ?» ነው። የአንድ ሰው አጻጻፍ የት እንዳለ ሰውየው ራሱ ብዙ ጊዜ አያይም። ይህን ደግሞ እኔ ብቻ ሳልሆን የስታቲስቲክስ ሊቃውንትም ቆጥረው ደርሰውበታል።

የአጻጻፍ ዘይቤን በቁጥር የሚለካው ጥናት ስታይሎሜትሪ ይባላል። ከተሠሩበት ሥራዎች እኔን ደጋግሞ የሚያስደንቀኝ የፌደራሊስት መጣጥፎች ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1787 እና በ1788 የኒውዮርክ ሕዝብ አዲሱን የአሜሪካ ሕገ መንግሥት እንዲቀበል ለማሳመን 85 መጣጥፎች ታተሙ፤ ሁሉም የወጡት «ፑብሊየስ» በሚል የብዕር ስም ነው። ከስሙ ጀርባ አሌክሳንደር ሃሚልተን፣ ጄምስ ማዲሰንና ጆን ጄይ ነበሩ። ኋላ ላይ ማን የትኛውን እንደጻፈ የሚናገሩት ዝርዝሮች አልስማማ ስላሉ፣ 12ቱ የሃሚልተን ናቸው የማዲሰን በሚል ክርክር ከመቶ ዓመት በላይ ቆዩ።

ፍሬድሪክ ሞስቴለር የተባለው የስታቲስቲክስ ሊቅ ከአንድ ባልደረባው ጋር ሆኖ መጀመሪያ የለካው የዓረፍተ ነገርን ርዝመት ነው። ማንም ቢሆን ከዚያ ነበር የሚጀምረው፤ ስለ አጻጻፍ ስናወራ ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው «አጭር ይጽፋል፣ ረጅም ይጽፋል» አይደል? ቆጠሩ። የሃሚልተን አማካይ 34.55 ቃል ሆነ። የማዲሰን 34.59። ያን ሁሉ ገጽ በእጅ ቆጥሮ መጨረሻው ላይ ይህን ያገኘ ሰው ምን እንደተሰማው ሳስብ አዝንለታለሁ። ለዓይን የሚታየው መለኪያ ሁለቱን ሰዎች አንድ አደረጋቸው።

ሞስቴለር ግን አልተወውም። ከዓመታት በኋላ ከዴቪድ ዋላስ ጋር ሆኖ ተመለሰበትና ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1964 በመጽሐፍ ወጣ። በዚህኛው ዙር የተከታተሉት ማንም ልብ የማይላቸውን፣ ትርጉም የማይሸከሙትን ትናንሽ ቃላት ነው። ሃሚልተን «ላይ» እንደማለት ያለችውን «አፖን» የምትባል መስተዋድድ በሺህ ቃል ውስጥ ሦስት ጊዜ ያህል ይጠቀማታል፤ ማዲሰን ጋ በብዙ ሺህ ቃል ውስጥ አንዴ ብትገኝ ነው። ሃሚልተን «ዋይል» በሚልበት ቦታ ማዲሰን «ዋይልስት» ይላል፤ ትርጉማቸው አንድ ነው። እንዲህ ያሉ በርካታ ቃላትን አንድ ላይ መዝነው 12ቱም መጣጥፎች ወደ ማዲሰን እንደሚያደሉ ደመደሙ።

እስቲ አስቡት። ሁለቱ ሰዎች በመንግሥት ሥልጣን፣ በግብር እና በጦር ሠራዊት ላይ በጥንቃቄ እየተጨነቁ ነው የጻፉት፤ እያንዳንዷን የሙግት ነጥብ መዝነዋታል። «አፖን»ን ግን አንዳቸውም አልመዘኗትም። ሃሚልተን ብዕሩን ይዞ ሲቀመጥ እጁ ራሱ ነበር የሚጽፋት። ለዚህ ነው የማትሰረቀውም፤ ደራሲን መኮረጅ የሚፈልግ ሰው የሚኮርጀው ጎላ ብሎ የሚታየውን፣ ምሳሌውንና ትዕይንቱን ነው። መስተዋድዱን የሚኮርጅ የለም። ያቺ ወጣትም ያስፈሪ ታሪኩን በርና ጨለማ ተበደረች እንጂ የዓረፍተ ነገሩን መጋጠሚያ አልተበደረችም። ረቂቆቿን አጠገብ ላጠገብ አስቀምጬ ሳነብ፣ ዩኒፎርሙ ገጽ ላይ ያየሁት አያያዝ በአስፈሪዎቹም ውስጥ አልፎ አልፎ ብቅ ይል ነበር፤ አንድን ድርጊት ተናግራ ስትጨርስ ያለ ምንም ማያያዣ ወደሚቀጥለው የምትሻገርበት ልማድ አላት። መሣሪያው ሊነግራት ይገባ የነበረው ይህን ነበር።

ከዚህ በፊት የነበሩት ሙከራዎችም ትምህርት አላቸው። ቶማስ ሜንደንሆል የተባለ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1887 ባሳተመው ጽሑፍ የየደራሲው የቃላት ርዝመት ስርጭት መለያው ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። ኋላም በዚሁ መንገድ ሼክስፒርን ከፍራንሲስ ቤከን ጋር አነጻጸረና ሁለቱ እንደማይመሳሰሉ አሳየ። ነገር ግን የሼክስፒር በአብዛኛው ግጥም፣ የቤከን ዝርው ስለሆነ፣ ልዩነቱ የሰዎቹ ይሁን የጽሑፉ ዓይነት መለየት እንደማይቻል ከእሱ በኋላ የመጡ አጥኚዎች አስተዋሉ። የእኔን የሕመም ትረካና የኮምፒውተር ማብራሪያ ለሁለት ደራስያን ያከፋፈለውም ይኸው ችግር ነው።

በዘመናችን ብዙ ሰው የሚያውቀው ምሳሌ የሮበርት ጋልብሬዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በዚህ ስም አንድ የወንጀል ልብ ወለድ ወጣ፤ ጸሐፊዋ የ«ሃሪ ፖተር» ደራሲ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ ናት የሚል ጥቆማ ለአንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ደረሰ። ጋዜጣው ካማከራቸው አንዱ የነበረው ፓትሪክ ጁዎላ መጽሐፉን ከሮውሊንግና ከሌሎች የወንጀል ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ሥራ ጋር አመሳከረው። የቃላት ርዝመትን፣ እጅግ የሚዘወተሩ መቶ ቃላትን፣ ተከታትለው የሚመጡ ጥንድ ቃላትንና የአራት አራት ፊደላት ቅንጥቦችን ተመለከተ። የደረሰበትን ሲናገርም «እሷ ናት» ብሎ አልማለም፤ ከቀረቡት ይልቅ ወደ እሷ ያደላል ነው ያለው። ማረጋገጫው የመጣው ሮውሊንግ ራሷ ስታምን ነው። የዕውቀት ሰው አነጋገር እንዲህ ነው ብዬ አደንቀዋለሁ፤ ሦስት አንቀጽ ተቀብለው ስም ከሚያወጡት መሣሪያዎች ጋር ሳስተያየው ደግሞ የበለጠ። የመጠን ነገር ከተነሳ፣ ማቼይ ኤደር የተባለ የዘርፉ አጥኚ አስተማማኝ ውጤት ለማግኘት ምን ያህል ጽሑፍ እንደሚያስፈልግ ፈትሾ፣ ለልብ ወለድ 5,000 ቃል አካባቢ እንደሚያሻ ጽፏል። አንድ የብሎግ ጽሑፍ ያን ያህል የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው።

አሁን አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ የሚያቀርበው ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የውይይት ፕሮግራሞች ነው። እነሱ ስሙን ከነምክንያቱ ይሰጣሉ፤ «የዓረፍተ ነገርህ ምት»፣ «የዝምታህ ጥልቀት» እያሉ ያማረ አንቀጽ ይጽፋሉ። አንቀጹ ቢያምርም ቆጥሮ የመጣ መልስ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ሳነበው የትኛው ቃሌ፣ የትኛው መስመሬ ነው ብዬ ማስረጃ እጠይቀዋለሁ፤ ማንም እንዲህ ቢያደርግ እመክራለሁ።

ሌላው የሚያሳስበኝ የስም ጉዳይ ነው። ሮውሊንግን ያጋለጠው ዘዴ በብዕር ስም ተሸሽጎ አቤቱታውን የሚጽፈውን ሠራተኛም ያጋልጣል። ስሟን ደብቃ የደረሰባትን የምትናገር ሴት ስሟን ብትቀይርም መጋጠሚያ ቃላቷን አትቀይርም። ያልታተመ ረቂቅን ወይም የግል ደብዳቤን ለመዝናኛ ብሎ የማናውቀው ሳጥን ውስጥ መለጠፍ ጽሑፉ የት እንደሚቀመጥ ሳያውቁ አሳልፎ መስጠት ነው። ከመለጠፋችሁ በፊት የገጹን የአጠቃቀም ደንብ አንብቡ፤ ደንብ ካላገኛችሁበት ተዉት።

እስካሁን ያነሳሁት ሁሉ የእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ብንሞክረውስ?

የመጀመሪያው ፈተና ትናንሾቹ ቃላት ጋ ይጠብቀናል። እንግሊዝኛው መስተዋድዱን ለብቻው ያቆመዋል፤ በክፍተት እየለዩ መቁጠር ቀላል ነው። የእኛዎቹ ግን ቃሉ ላይ ተለጥፈው ነው የሚኖሩት። «ስለቤታችንም» ስንል ስለ፣ ቤት፣ የእኛነቱና «ም» በአንድ ቃል ገብተዋል። በክፍተት የሚቆጥር ፕሮግራም ይህን ቃል አንዴ አይቶ ዳግም ላያገኘው ይችላል። የምንፈልጋቸውን «በ»፣ «ከ»፣ «ለ»፣ «ም»፣ «ስ»፣ «ማ» ለመቁጠር መጀመሪያ ከግንዱ መለየት ይኖርብናል፤ መለየቱ ደግሞ ጥንቃቄ ይጠይቃል። «ለምለም» በ«ለ» ይጀምራል፣ በ«ም» ያልቃል፤ ሁለቱም ግን የቃሉ ሥጋ ናቸው። ሳያስተውል የሚቆርጥ ፕሮግራም «ምለ» የሚባል የሌለ ቃል ይዞ ይቀራል።

ለብቻቸው የሚቆሙትም ቢሆኑ ብዙ ይናገራሉ። አንዱ «ግን» ይላል፣ ሌላው «ነገር ግን»፣ ሌላው «ይሁን እንጂ»፣ ሌላው «ሆኖም»፤ «ዳሩ ግን»ን ያልጣለ ሰውም አለ። አንዱ «ስለዚህ» የሚልበትን ሌላው «በመሆኑም» ይለዋል። «እና»ን ለብቻዋ የሚያቆም አለ፤ «ና»ን ከቃሉ ጋር ካላጣበቀ እንቅልፍ የማይወስደው አለ። የራሴን የቆዩ ጽሑፎች ከቅርቦቹ ጋር በፕሮግራም አስቆጥሬ ሳይ፣ «ይሁን እንጂ» ከዓመት ዓመት እየቀነሰ «ግን» ቦታውን ወስዷል። መቼ እንደተውኩት አላውቅም። ይህን የመሰለ ነገር ስለ ራሴ የነገረኝ መሣሪያ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከሁሉ የሚያጓጓኝ ግን ሆሄያችን ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። ድምፃቸው አንድ ስለሆነ «ፀሐይ»ን «ጸሀይ»፣ «ፀሃይ»፣ «ጸሐይ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ታገኛላችሁ፤ ሁሉም ይነበባል። ግእዝ የተማረ ሰው ሥርወ ቃሉን ይከተላል፤ ሌላው የለመደው የኪቦርድ ቁልፍ የሚሰጠውን ይጽፋል። ደስ የሚለኝ ደግሞ ድብልቁ ነው፤ «ሥራ»ን በንጉሡ ሠ፣ «ስዕል»ን በእሳቱ ሰ የሚጽፍ ሰው፣ «ዓለም» ብሎ ጀምሮ ሁለት መስመር ሳይሄድ «አለማዊ» የሚል ሰው። «ኋላ» እና «ሁዋላ»፣ «አድርጎ» እና «አርጎ»ም እንዲሁ። አራት አራት ፊደል እየቀነጠቡ መቁጠርም እንዳለ አይሠራልን ይሆናል፤ የእኛ አንድ ፊደል በአብዛኛው ተናባቢና አናባቢ አጣምሮ ስለሚይዝ፣ የእነሱ አራት ወደ እኛ ሁለት ገደማ ይወርዳል። ይህ ሁሉ እንደ «አፖን» እጅ ራሱ የሚሠራው ሥራ ነው፤ እንዲያውም ከ«አፖን» ይበልጥ የሚያሳብቅ ይመስለኛል።

በአማርኛ የኮምፒውተር ሥራ ውስጥ ግን ከተለመዱት የመጀመሪያ እርምጃዎች አንዱ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ሆሄያት ወደ አንድ መጠቅለል ነው። ለፍለጋ ትክክል ነው፤ «ጸሀይ» ብሎ የፈለገ ሰው «ፀሐይ»ንም ማግኘት አለበት። ጸሐፊን ለመለየት ሲሆን ግን የሰውየውን የእጅ አሻራ ጠርጎ እንደ መጀመር ነው። የታተመ መጽሐፍ ላይ ደግሞ የአራሚው እጅ አለበት፤ ጋዜጣ ላይ የዝግጅት ክፍሉ ልማድ አለበት፤ ስለዚህ መነሻው ከደራሲው ጽሕፈት በቀጥታ የመጣ ረቂቅ ቢሆን ይመረጣል፣ በደራሲው ፈቃድ።

ለአማርኛ ጸሐፊዎች እንዲህ ያለ መሣሪያ ለመሥራት የሚነሳ ባለሙያ ካለ ልመናዬ ይኸው ነው። ሆሄያቱን ከመጠቅለልህ በፊት የመጀመሪያውን ቅጂ ሳትነካ አስቀምጥ። ለምትጽፈው ልጅ የማታውቀውን ደራሲ ስም ከምትሰጣት፣ የራሷን የአምናና የዘንድሮ ጽሑፍ ጎን ለጎን አድርገህ የትኞቹን ቃላት እንደምታዘወትር፣ የትኞቹን እንደተወች፣ ዓረፍተ ነገሯን በምን እንደምታስር አሳያት። ጽሑፏ ለመቆጠር የሚበቃ ካልሆነም «ገና አይበቃም» በላት፤ የጻፈችውንም ቆጥረህ ስትጨርስ ከማስቀመጫህ አጥፋላት።